ለተጋለጠ ዕድሜ ካሣ

[ከሰዓት በኋላ ነው። በጠባቧ የጸጉር መቁረጫ ቤት ውስጥ ጸጉር ቆራጩ ማበጠሪያዎቹንና መቀሶቹን ወደ ጥግ ገፍቶ ከመስታወቱ ሥር አንድ ቅጽ ዘርግቷል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም፤ ይህን ለሰው ከሚናገር ግን ምላሱን በመቀሱ ቢቆርጥ ይመርጣል። በደንበኛ ወንበር ላይ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ተቀምጧል፤ ጸጉር ቆራጩ ሊያገባት የሚፈልጋት ሴት ወንድም ነው። ተረከዙ የወለቀ የሴት ጫማ እንደ ጓንት በእጁ አጥልቋል።]

ጸጉር ቆራጩ፦ በጥቁር እስክሪብቶ አይሞላም አልኩህ እኮ ጋሼ! ቅጽ የሚሞላው በሰማያዊ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ እኔ ያለኝ ጥቁር ነው።

ጸጉር ቆራጩ፦ በጥቁር ከሞላሁት ኮፒ ይመስላል። ዋናው ከኮፒው በምን ይለያል ታዲያ?

ጫማ ሰፊው፦ እኔ ምን አውቄ። ጫማ ነው የምሰፋው።

ጸጉር ቆራጩ፦ ስለማታውቅ ነው የምነግርህ! [መሳቢያውን ያተራምሳል።] ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቀበለው። ዛሬ ካመለጠኝ አመለጠኝ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ የቱ ክሊኒክ?

ጸጉር ቆራጩ፦ ወይ ጣጣ! የዓይን ክሊኒኩ ነዋ። የታካሚዎቹ ዝርዝር ከኮምፒውተሩ አፈትልኮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ የለም? አሁን ‘የተጎዳ ካሣ ይጠይቅ’ ብለው በራቸው ላይ ለጥፈዋል።

ጫማ ሰፊው፦ ካንተ የወሰዱት ምንድን ነው?

ጸጉር ቆራጩ፦ መረጃዬን!

ጫማ ሰፊው፦ ታዲያ አሁን አንተ ጋ የለም?

ጸጉር ቆራጩ፦ አለ እንጂ! መረጃ እንደ ጫማ አይደለም ጋሼ። ሌባው ወስዶትም አንተ ጋ ይቀራል።

ጫማ ሰፊው፦ ምን ጎደለብህ ታዲያ?

ጸጉር ቆራጩ፦ [ትንፋሹን ስቦ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ] ሰው ገላውን ሲታጠብ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትበት ምን ይጎድልበታል? ምንም። ግን ይጮሃል።

ጫማ ሰፊው፦ መቀርቀር ነበረበት።

ጸጉር ቆራጩ፦ የሚቀረቅረው ክሊኒኩ ነዋ! ካሣ የሚከፍለውም ለዚሁ ነው። ይኸው ሰማያዊ እስክሪብቶ ተገኘ። አንተ እዚህ ጋ ትፈርማለህ፣ ‘ምስክር’ በሚለው ላይ።

ጫማ ሰፊው፦ እሺ። ምን አይቼ ነው የምመሰክረው?

ጸጉር ቆራጩ፦ መጎዳቴን።

ጫማ ሰፊው፦ ደህና እኮ ነህ። ቅድም ጫማ የሚያህል ዳቦ ስትበላ አይቼሃለሁ።

ጸጉር ቆራጩ፦ የውስጥ ጉዳት ነው!

ጫማ ሰፊው፦ ጨጓራህን?

[ጸጉር ቆራጩ የግድግዳውን ሰዓት ያያል፤ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው። ይህ ሰው ካልፈረመለት ሌላ የሚፈርምለት የለም፤ ሌላ ሰው ‘ለምን?’ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጫማ ሰፊውም እየጠየቀ ነው፤ ግን እሱን ማታለል ቀላል ነው ብሎ ያምናል።]

ጫማ ሰፊው፦ እስቲ አንብብልኝ፤ ሳላነብ አልፈርምም። አባቴ እንኳ ሳላነብ እንዳልፈርም ነው የመከረኝ፤ ፊደል አለመቁጠሬን እያወቀ።

ጸጉር ቆራጩ፦ [እየተቻኮለ] ‘የተጋለጠው መረጃ ዓይነት።’ እዚህ ላይ ‘ዕድሜ’ ብዬ ሞላሁ። ቀጥሎ…

ጫማ ሰፊው፦ ቆይ፣ ቆይ። ዕድሜህ ሃምሳ አራት አይደል?

ጸጉር ቆራጩ፦ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ ሃምሳ አራት ዓመት ሆነው ተብሎ ቢወራ ምን አለበት? ጎልማሳ ነህ።

ጸጉር ቆራጩ፦ እነሱ የጻፉት ሌላ ቁጥር ነው።

ጫማ ሰፊው፦ አሃ! ስህተት ነዋ። ሂድና ‘አርሙልኝ’ በላቸው፤ ካሣ ምን ያደርጋል?

ጸጉር ቆራጩ፦ ስህተት… ስህተት እንኳን አይባልም።

ጫማ ሰፊው፦ ታዲያ ምን ይባላል? ከታች ያለውስ ምን ይላል? ይቺ ባለ ሳጥኗ።

ጸጉር ቆራጩ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ‘የተጋለጠው መረጃ እውነተኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ።’

ጫማ ሰፊው፦ እውነት ካልሆነ ካሣ የለም?

ጸጉር ቆራጩ፦ የለም።

ጫማ ሰፊው፦ እውነት ከሆነ ደግሞ ሃምሳ አራት አይደለህም።

[ጸጉር ቆራጩ ተነሥቶ ንጹሑን ወለል መጥረግ ይጀምራል።]

ጸጉር ቆራጩ፦ ስድሳ ስድስት።

ጫማ ሰፊው፦ የምን ስድሳ ስድስት? የቤት ቁጥር?

ጸጉር ቆራጩ፦ ዕድሜዬ ነው! በቃ፣ አወቅክ! ደስ ይበልህ!

ጫማ ሰፊው፦ [በጣቱ ሲቆጥር ይቆያል።] እኔ ሃምሳ ስምንት ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ‘ጋሼ፣ ጋሼ’ ስትለኝ የኖርከው አንተ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለህ?

ጸጉር ቆራጩ፦ አክብሮት ነው።

ጫማ ሰፊው፦ ወንበር እየለቀቅክልኝ! ዘንቢል እየተሸከምክልኝ! [ከወንበሩ ይነሣል።] ና ተቀመጥ ጋሼ። ጉልበትህን ያምሃል።

ጸጉር ቆራጩ፦ አትቀልድ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ጫማ ሰፊው፦ እሺ፣ ጉዳቱ ላይ ምን ብለህ ሞላህ?

[ጸጉር ቆራጩ ቅጹን ያነሣል። የጻፈውን ስንት ጊዜ ለብቻው አንብቦታል፤ ጮክ ብሎ ግን አንብቦት አያውቅም።]

ጸጉር ቆራጩ፦ ‘ላገባት ያሰብኳት ሴት ጥላኝ ሄደች።’

ጫማ ሰፊው፦ እህቴ?

ጸጉር ቆራጩ፦ ሌላ ማን አለኝ? በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ እዚህች በር ላይ ቆማ ‘እንደምን ዋልክ’ ሳትል አታልፍም ነበር። ዝርዝሩ ከወጣ ጀምሮ ግን በማዶ ነው የምታልፈው። ትናንት መኪና ሊገጫት ነበር፣ እኔን ሽሽት! አንብባዋለች። ‘ይህ ሽማግሌ አታለለኝ’ ብላለች በልቧ።

ጫማ ሰፊው፦ እና እኔ በዚህ ላይ እንድፈርም ነው?

ጸጉር ቆራጩ፦ አዎ። ምስክሩ ዘመድ መሆን የለበትም ይላል። አንተ ገና አልተዛመድከኝም።

ጫማ ሰፊው፦ እህቴን ካገባህ ግን ዘመድ ነኝ።

ጸጉር ቆራጩ፦ ነህ።

ጫማ ሰፊው፦ እኔ ከፈረምኩ እንግዲህ ትዳሩ የለም ማለት ነው።

ጸጉር ቆራጩ፦ ማለት ነው።

ጫማ ሰፊው፦ ትዳሩ ካለ ደግሞ ካሣው የለም።

ጸጉር ቆራጩ፦ አይ ጋሼ፣ ነገር ታከራለህ! አዎ፣ የለም!

ጫማ ሰፊው፦ የቱ ይሻልሃል?

[መልሱ በአፉ ላይ ነበር። ስለ መብት፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ክሊኒኩ ቸልተኝነት ብዙ ሊናገር ተዘጋጅቶ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።]

ጸጉር ቆራጩ፦ እሷ።

ጫማ ሰፊው፦ እንግዲያው አልፈርምም።

ጸጉር ቆራጩ፦ ምነው?

ጫማ ሰፊው፦ ዘመድ ልሆን ነዋ። ዝርዝሩን እስከ ታች አንብበኸዋል?

ጸጉር ቆራጩ፦ የራሴን ስም ሳይ ዓይኔ ጨለመ። ከዚያ ወዲያ ምን ላንብብ?

ጫማ ሰፊው፦ አዋቂ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ከራሱ ስም አያልፍም። ካንተ ስም አሥራ አንድ መስመር ዝቅ ብትል እህቴን ታገኛት ነበር። ላንተ ሃምሳ ነኝ አላለችህም?

ጸጉር ቆራጩ፦ ብላኛለች። ደግሞም ናት።

ጫማ ሰፊው፦ ስድሳ ሦስት።

ጸጉር ቆራጩ፦ እንዴት ይሆናል? አንተ ሃምሳ ስምንት ነህ፣ ታላቋ ነህ!

ጫማ ሰፊው፦ ታናሿ ነኝ። ታላቅ ያደረገችኝ አንተን ካወቀች ወዲህ ነው። ባንተ ፊት ‘ጋሼ’ ትለኛለች፤ ቤት ስንገባ ‘አንተ ልጅ፣ ተነሥና ሳህኑን እጠብ’ ትለኛለች። አክብሮቱም የሚያልቀው በር ላይ ነው።

ጸጉር ቆራጩ፦ [መጥረጊያውን ተደግፎ] ሁለት ዓመት ሙሉ ‘ትንሽ እንቆይ፣ ትንሽ እንቆይ’ ያለችኝ…

ጫማ ሰፊው፦ ‘የዘጠኝ ዓመት ታናሼን አግብቼ ሰው ይሣቅብኝ?’ እያለች ነዋ። አሁን ደግሞ ‘ዕድሜዬን አነበበው፣ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?’ ብላ በማዶ ታልፋለች። ያንተንም መስመር አላየችም፤ እሷም ከራሷ ስም አላለፈችም። ትገጣጠማላችሁ።

ጸጉር ቆራጩ፦ አንተ ፊደል አልቆጠርኩም አላልክም? ዝርዝሩን ማን አነበበልህ?

ጫማ ሰፊው፦ ፊደልማ እቆጥራለሁ። ማንበብ መቻሌን ካወቅክ ቅጹን እንደማታሳየኝ ስለገባኝ ነው። ‘ሂድና ዝርዝሩን አንብቦት እንደሆነ አጣራልኝ’ ብላ የላከችኝ እሷው ናት።

[ጸጉር ቆራጩ ቅጹን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። ወደ መስታወቱ ዞሮ ጸጉሩን ያበጥራል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ደፍሮ ያየዋል። ያ የድሮ አዋቂነቱ ቀስ እያለ ይመለስበታል።]

ጸጉር ቆራጩ፦ ለነገሩ እኔ ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር።

ጫማ ሰፊው፦ ምኑን?

ጸጉር ቆራጩ፦ ዕድሜዋን ነዋ! አርባ ዓመት ጸጉር የቆረጠ ሰው ማጅራት አይቶ ዕድሜ አይስትም። ገና ያየኋት ዕለት ‘ይቺ ሴት ከስድሳ ሦስት አታንስም፣ እንዲያውም ታልፋለች’ ብያለሁ በልቤ።

ጫማ ሰፊው፦ ጎሽ! ሂድና ይህችኑ ለእሷ ንገራት። ክሊኒኩ ለመዝጋት ገና አንድ ሰዓት አለው፤ በሯ ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ አባርራህ ስትወጣ ምስክርነቱን እፈርምልሃለሁ።