ለማሳያ የመጣው ነቀዝ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው ነገር በእርግጥም የሚጀምረው ከላም በረት ነው።

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ አራሽም ነጋዴም በነበሩበት ዘመን፣ ዳልቺት የምትባል ላም በወንዝ ዳር ትኖር ነበር። ከወንዙ ወዲህ እህል እንጂ ጨው የለም። ከወንዙ ማዶ፣ በጎሾች አገር፣ ጨው እንጂ እህል የለም። ስለዚህ ዳልቺት በየዓመቱ በቆሎዋን አሻግራ በጨው ትለውጥ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ ወልዳለች። ጥጃዋ ጨው አምሮት ድንጋይ ይልሳል፣ የበረቱን ግድግዳ ይልሳል፣ ያንቀላፋች ዶሮ ካገኘም ይልሳል። «እስከ ገበያው ቀን ታገሠኝ» ትለዋለች እናቱ። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን ይከሳ ነበር።

ገበያው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ጎሾች መልእክት ላኩ። «ከቆላ የመጣ እህል ነቀዝ ይዞብን ገባ። ከእንግዲህ ጤንነቱ ያልተመረመረ እህል ወንዙን አይሻገርም» የሚል ነበር።

ከወንዙ ወዲህ ያሉት የሰባቱ መንደር እንስሳት ተሰበሰቡ። ችግሩ፣ ነቀዝ የሚባለውን ነገር ከመካከላቸው ያየው የለም። የምታውቀው የዳልቺት ጎረቤት እትዬ ዶሮ ብቻ ናት። «እኔ እኮ ቆላ ሳለሁ እሱን ለቅሜ ነው ያደግሁት» አለች። «ትንሽ ጥቁር ነገር ነው። ከእህሉ ላይ አቁሙኝ፤ ካለ እለቅመዋለሁ፣ ከሌለም የለም እላችኋለሁ።»

«ይህ የአንዲት ዶሮ ጥረት ነው» አለች የጉባኤው ጸሐፊ እመት ጦጣ። «የሚያስፈልገን የሰባቱም መንደር አቅም እንዲገነባ ነው።»

ጉባኤው አጨበጨበ። በዚያው ሞቅታ አያ ጅቦን የእህል ጤና ኃላፊ አድርጎ ሾመው፤ እህል ስለማይበላ ገለልተኛ ነው ተባለ። አያ ጅቦ ዳልቺትን ከሰኮና እስከ ቀንድ አየና ምራቁን ዋጠ። «ስለ እህል የማውቀው አንዳች ነገር የለም፤ ስለዚህ አድልዎ አታዩብኝም» ብሎ ቃል ገባ።

ስልጠና ተጠራ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል መፈክር በኮባ ቅጠል ላይ ተጽፎ ተሰቀለ፤ በመጀመሪያው ቀን ከምሳ በፊት ፍየል በላችው። ከሰባቱ መንደር ሰባት ሰልጣኞች መጡ። ያላዩትን ተባይ እንዴት ይለዩታል ተብሎ ተመከረና እመት ጦጣ ቆላ ድረስ ወርዳ ነቀዝ በቅል ይዛ መጣች። ለእያንዳንዱ መንደር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነው ያመጣችው። «እንግዳ ብቻውን ይከፋዋል» አለች።

ነቀዞቹ ከፍ ካለ ቦታ ተቀመጡ። ሽማግሌው ነቀዝ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔን ለማወቅ ቅል ውስጥ ማየት አይበቃም። በቤቴ ልታዩኝ ይገባል» አለ።

«ቤትዎ የት ነው ጌታዬ?» ሲል ከርከሮ ጠየቀ።

«ጎተራ።»

ሰልጣኞቹ አቀርቅረው ጻፉ። ይኼኔ እትዬ ዶሮ ሳትጠራ ገብታ አንዱን ነቀዝ ለቀም አደረገችው። አዳራሹ ታመሰ። የስልጠና ቁሳቁስ አጥፍተሻል ተብላ ተባረረች፤ ለሟቹም የሕሊና ጸሎት ተደረገ። ዳልቺት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ፣ «እኔ ስለ ጥጃዬ ነበር» ብላ ጀመረች። «ጥያቄ መጨረሻ ላይ» አለቻት እመት ጦጣ። መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ስለነበር ጥያቄው ቀረ። ነቀዞቹም አንዳንድ ወረቀት ደረሳቸው።

ከዚያ ልምምዱ እንዲቀጥል ተብሎ ነቀዞቹ ለየመንደሩ ጎተራ ተከፋፈሉ። የዳልቺት መንደር ድርሻ በእሷ ጎተራ እንዲያርፍ ተወሰነ። ልቧ አልወደደውም።

«እነዚህ እህል ይበላሉ እኮ» አለች።

«እነዚህን የሚያህሉ ሁለት ፍጥረቶች ምን ያህል ይበላሉ?» አለ አያ ጅቦ። «ደግሞስ የኔ ማኅተም ካላረፈበት በቆሎሽ በምን ይሻገራል?»

ዳልቺት ግድግዳ የሚልሰውን ጥጃዋን አየች። ከዚያ የጎተራዋን ክዳን በገዛ ቀንዷ ከፈተችላቸው።

የገበያው ቀን ደረሰ። የሰባቱ መንደር እህል ማኅተም እየተመታበት ወንዙ ዳር ተደረደረ። አንድ ትልቅ ጎሽ የዳልቺትን ጆንያ ፈታና አሸተተው፤ ዱቄት ቡን ብሎ ፊቱን አለበሰው። «በቆሎ ነው አላላችሁም?» አለ እያስነጠሰ።

ሰባቱ ሰልጣኞች ጠጋ ብለው አዩ፣ ወረቀታቸውን ገለጡ፣ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያም በአንድ ድምፅ «ነቀዝ ነው» አሉ።

አያ ጅቦ በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አያችሁልኝ? አንድም የተሳሳተ የለም።»

ጎሾቹ የሰባቱንም መንደር እህል መለሱ። አያ ጅቦ እዚያው ወንዝ ዳር ሁለተኛ ዙር ስልጠና አወጀ። ለማሳያ የሚሆን ነቀዝ ከእንግዲህ ከሩቅ ማምጣት እንደማያስፈልግም በሪፖርቱ ላይ እንደ ትልቅ ውጤት ተጻፈ።

የመንደሮቹ ሽማግሌዎች ግን ተደብቀው እትዬ ዶሮ ዘንድ ሄዱ። «አሁንስ ነይና ልቀሚልን» ብለው ለመኗት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል» አለች ዶሮ። «የእናንተ ጅብ መች ሄደ? ሹመቱ ላይ ነው። አንድ ነቀዝ ብለቅም ቁሳቁስ አጠፋሽ አላችሁኝ። ጎተራችሁን ያጠፉት ግን የምስክር ወረቀት አላቸው፤ እነሱኑ ለምኑ።»

ዳልቺት የነቀዘውን በቆሎ አራግፋ ባዶ ጆንያዋን ይዛ በረቷ ገባች። ጥጃው እየተንገዳገደ ተነሥቶ ጆንያውን ላሰ፤ ዱቄት ዱቄት አለው። ከዚያ የእናቱን ጉንጭ ላሰ። እያለቀሰች ነበርና ጨው ጨው አለው። በዚያ ዓመት ያገኘው ጨው ያ ብቻ ነበር።

በሉ፣ ተረቴን መልሱልኝ። አፌን በዳቦ የምታብሱ ከሆነ ግን ዱቄቱን አስቀድማችሁ ንፉት።