ሲባጎ ያወራወረን ሰውዬ

አስተሳሳሪ የሚባል ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ዲላ ላይ ገጥሞኝ ደሜን አፍልቶታል። "ከገዢ ጋር አስተሳስራችኋለሁ" ብሎ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ የቃጫ ገመድ ሠርተው የሚሸጡ የማኅበር ሴቶችን ከየወረዳው ጠርቶ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበ። ገመዳቸውን በር ላይ ከምረው ገቡ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ።

ሰውዬው አንድ ጥቅል የናይለን ሲባጎ አወጣና፣ "ተወራወሩት! ትስስር ማለት ይኼ ነው!" አለ። ቃጫ ሲገምዱ ያረጁ እጆች ናይለን ሲወራወሩ ዋሉ። ስድብ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ገበያው ተበተነ፤ ገመዱ እንደተከመረ ቀረ።

"ጥያቄ ያለው?" ሲል የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ አስቴር ተነሡ።

"ልጄ፣ ይኼን ሲባጎ ከማን ገዛኸው?"

አስተሳሳሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ "ይኼን አትጻፈው" አለኝ።

ይኸው፣ ጻፍኩት።