ዳቦ ጋጋሪው የጀልባ ተቆጣጣሪ

ጀልባ በእጅ የሚሠራበት ጠረፍ ሁሉ፣ በዕድሜው ምስማር መትቶ የማያውቅ አንድ ራሱን የሾመ ዋና ተቆጣጣሪ አያጣም። ኖርዌይ ላለችው ለኛ መንደር የደረሱን ክቡር ጋሽ አይለርት ናቸው። ዕድሜያቸውን ዳቦ ሲጋግሩ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ ማግስት ወደ ጀልባ ተሻገሩ።

ጠዋት የጀልባ መሥሪያዬን በር ስከፍት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው አገኛቸዋለሁ።

«እህ! ይሄ ሳንቃ ጠሟል።»

«ጀልባ እኮ ነው ጋሽ አይለርት፤ ካልጠመመ ሣጥን ይሆናል።»

«እኔ የምለው ስለ አጣመሙ ነው!»

ውሃ እንዳያስገባ ሳንቃውን ዝፍት ስቀባ ጠጋ ብለው ያሸቱና «ትንሽ አልበሰለም» ይላሉ። ሳንቃ በእንፋሎት አለስልሼ ሳጎብጥ ደግሞ «አሁን! አይ… ቅድም ነበር» ብለው ያደናግሩኛል። አብሮኝ ይሠራ የነበረው አባቴ «ይሄን ሰውዬ አንድ ቀን ከሳንቃው ጋር ቸንክሬ ባሕር እለቀዋለሁ» ይል ነበር።

አባቴ አምና በመኸር ሞተ። ጀምሮት የቀረውን ጀልባ ብቻዬን ጨረስኩት። ያዘዘው ስታይናር የሚባል፣ በፕላስቲክ ጀልባ ያደገ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ነው። እሱ አልፈልግም ካለ የጀልባ መሥሪያውን መዝጋቴ ነበር።

ጀልባውን ባሕር ባወረድንበት ቀን መንደርተኛው ሁሉ ወጣ። ወዲያው በሳንቃዎቹ መሐል ውሃ ሰርጎ ገባ።

«ያፈሳል!» አለ ስታይናር ወደ ኋላ እያፈገፈገ።

ዓይኔ ጋሽ አይለርት ላይ አረፈ፤ «አላልኳችሁም?» ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን የክት ሱሪያቸውን እንደለበሱ ጀልባው ውስጥ ዘው ብለው ገቡና፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ተደላድለው ተቀመጡ።

«ምን ያስደነግጥሃል? እንጨት ነው፣ ጠምቶታል። ጠጥቶ ሲያብጥ ራሱ ይዘጋል። የዚህችን ልጅ ሳንቃ አንድ በአንድ አይቼዋለሁ፤ እንከን የለውም። ይልቅ ግባና ቅዘፍ!»

ስታይናር ገባ። «መቅዘፊያ እንዲህ ነው እንዴ የሚያዘው?» የሚለው የጋሽ አይለርት ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ይሰማን ነበር። ወደ ማታ ጀልባው ማፍሰሱን ተወ፤ ስታይናርም ደስ ብሎት ወሰደው።

በማግስቱ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ጋሽ አይለርትን ጉንፋን ጥሏቸዋል አሉ። ሥራ ብጀምርም ቀና ባልኩ ቁጥር በሩን አያለሁ። በመጨረሻ የዓሣ ሾርባ ሠርቼ ቤታቸው ሄድኩ። ከአልጋቸው ቀና ብለው አንድ ማንኪያ ቀመሱ።

«ጨው ያንሰዋል፣ ልጄ።»

እኔም ቀመስኩት። ጨዉ ልክ ነበር። ቢሆንም ተነሥቼ ጨው ጨመርኩላቸው።