ጨርቁ ነው የጠበበው

ክፉ ሰው አይጎዳም አልልም። ግን በዚህ ዕድሜዬ የደረሰብኝን ጉዳት ሁሉ ቁጭ ብዬ ሳሰላስለው፣ አብዛኛው የመጣብኝ ከጨዋ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢያንስ ፊት ለፊት ይነግርሃል። ጨዋ ሰው ግን «ኧረ ምንም አልሆኑም» እያለ፣ ትከሻህን መታ መታ እያደረገ፣ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይሸኝሃል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንዱ ጋ ፀጉር አስተካካይ ሆኖ መላጣህን «ግንባርዎ ሰፊ ነው» ይልሃል። ሌላው ጋ አስተማሪ ሆኖ «ልጅዎ ዝምተኛ ነው እንጂ ያውቃል» ይልሃል። እኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው።

ሰፈሩ «ክቡርነታቸው» ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት የስፌት መኪና ጋር ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሲለኩህ ሜትሩን ወገብህ ላይ ያዞሩና ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑታል።

«ስንት ሆንኩ ጋሼ?»

«ባሉበት ነዎት።»

«ታዲያ ሱሪው ለምን አልዘጋ አለኝ?»

«ጨርቁ ነው የጠበበው። የዘንድሮ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል።»

የባንኩ ጥበቃ፣ አለቃው ፊት ሰላምታ ሲሰጥ፣ የኮቱ ቁልፍ ተፈናጥሮ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ሮጦ ክቡርነታቸው ጋ መጣ። «ክሩ ነው የበሰበሰው» አሉት፤ ቁልፉን ሦስት ጣት አሻግረው ሰፉለትና ተመርቆ እንደወጣ ሰው ደረቱን ነፍቶ ሄደ። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት ደግሞ ቀሚሷን በግራና በቀኝ ተመሳሳይ ጨርቅ አስገብተው አስፍተውላት፣ ስትለብሰው ሰፋት። «ከሳሁ መሰለኝ» አለች። «እኔም ልልዎት ነበር» አሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

እኔስ ብትሉ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ እንዳለሁ ማታ ቢሮው ይዘጋብኛል። የሠርግ ልብሴን ሲሰፉልኝ ወገቤ ዘጠና አራት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ባለሁበት ነኝ። ባለቤቴ «ሆድህ እኮ ቀድሞህ ነው በር የሚገባው» ስትለኝ፣ «ባለሙያ የለካኝን ሰው አንቺ በዓይንሽ ትለኪኛለሽ?» እላታለሁ። ይህን ክርክር ለሃያ ዓመት አሸንፌያለሁ። ማሸነፍም ይደክማል።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤታችን ሁላችሁም ጤና ትመረመራላችሁ አለን። ነርሷ ሜትሯን አዞረች፣ አየች፣ ጻፈች።

«አንድ መቶ አሥራ ስምንት።»

«እህቴ፣ ደግመሽ እዪው። እኔ ዘጠና አራት ነኝ።»

«ማን ነው ዘጠና አራት ያለዎት?»

«ባለሙያ» አልኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው የሒሳብ ክፍሉ ሰው ሳል ያዘው።

ሐኪሟ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ እንደኔው የደከማት ሴት ናት። ቁጣ የለም፣ ምክር የለም፣ ዝም ብላ ነገረችኝ። ሆድ ላይ የሚጠራቀም ስብ አርፎ አይቀመጥም፣ ውስጥ ውስጡን ሰውነትን ያስቆጣል አለች። የአንጀት፣ የጉበት፣ የቆሽት፣ የምግብ መውረጃው ቱቦም ካንሰር ክብደት ሲበዛ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ይላል። «ወፍራም ሁሉ ይታመማል ማለቴ አይደለም። ቀጭንም ይታመማል። ግን ዕድሜዎም ገፋ ብሏል፣ እንየው» አለችኝ። ከዚያ ጥያቄዋን ቀጠለች። ሳያስቡት ክብደት ቀንሰዋል? ምግብ ሲውጡ ደረትዎ ላይ ይይዝዎታል?

«መቀነስማ መች አየሁት» አልኳት።

በካሜራ አንጀቴን አዩት። ሁለት ትንንሽ እባጮች ተገኙና እዚያው ተቆረጡ። ቢቆዩ ወደ ክፉ ሊለወጡ ይችሉ ነበር፤ አልተለወጡም። ክብደት ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ተመለስ ተባልኩ። ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ምን ያህል እንደፈራሁ ያወቅኩት ከተረፍኩ በኋላ ነው። ፍርሃቱ ሲለቀኝ በቦታው ንዴት ገባ። የንዴቴም አድራሻ ደረጃ ሥር ያለችው ክፍል ነበረች።

መንገዱን ሁሉ ንግግሬን ሳዘጋጅ ሄድኩ። ክቡርነታቸው ምሳ ላይ ናቸው፣ ዳቦ በሻይ እየነከሩ።

«ጋሼ፣ ስንት ነኝ?»

«ባሉበት...»

«ስንት ነኝ አልኩ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አንድ መቶ አሥራ ስምንት» አሉ ሜትር ሳያነሱ። «አምና አንድ መቶ አሥራ አምስት ነበሩ።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን አይነግሩኝም? አንጀቴን አስቆርጬ እኮ ነው የመጣሁት።»

«ወንድሜ» አሉ፣ «እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሌላ ቦታ ሲነገረው ውሎ ነው የሚመጣው። ቤቱ ሚስቱ፣ መንገድ ላይ ጎረቤቱ፣ ሥራው ላይ አለቃው። አንድ ቦታ እንኳ ደህና ነህ የሚለው አይኑረው?»

መልስ ነበረኝ፣ ብዙ መልስ ነበረኝ። ግን እሳቸው አንድ ቁራሽ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ዳቦው እስኪወርድ ነው የሚጠብቁት። አተኩሬ አየኋቸው። እኚህ ሰውዬ ሆዳቸው የስፌት መኪናዋን መዘውር የሚነካ፣ ሲስቁ ጠረጴዛው አብሮ የሚስቅ ሰው ነበሩ። አሁን ጉንጫቸው የለም። እኛ እንዴት አላየንም? ሰው ሲከሳ ልብሱ ይሰፋዋል፣ ሰፈርም ያያል። የሳቸው ልብስ ግን ልክክ ያለ ነው። በቀነሱ ቁጥር ለራሳቸው ሲያጠቡት ከርመዋል።

«ጋሼ፣ ከስተዋል።»

«ኧረ ባለሁበት ነኝ።»

«ይሄስ ዳቦ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«ጥርስ ደረት ላይ ነው እንዴ ያለው?»

ሐኪም ቤት ለመውሰድ አራት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ቀን አስቸኳይ ኮት አለ፣ አንድ ቀን መኪናዋ ተበላሸች፣ አንድ ቀን እንግዳ መጣ። በየቀኑ እየሄድኩ ረገምኳቸው። በአራተኛው ቀን በሩን ራሴ ቆለፍኩና ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ ነው የቀነሱት አለቻቸው። «ብዙም አልቀነስኩ» አሉ። ቃርስ? «ቃርማ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ለምዶኛል።» ይህን ስለ ቤተ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። እኔ ተነሣሁና «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ የሱሪያቸውን የወገብ ጠርዝ ወደ ውጭ ገለበጥኩት። ከውስጥ አራት ረድፍ ስፌት አለ፣ አንዱ ካንዱ ሁለት ጣት የራቀ። ሐኪሟ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ይሄኛው ተጣምሟል» አለች።

በዚህ ጊዜ ሙያቸው አላስችል አላቸው። «እሱ ያለፈው ወር ነው። እጄ ደክሞ ነበር» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ስፌቱ ላይ እያሳለፉ አንድ በአንድ ነገሯት። የመጀመሪያው ከሰባት ወር በፊት። ሁለተኛው ከዚያ ሁለት ወር ቆይቶ። ሦስተኛው ጠጣር ምግብ መዋጥ ያቃታቸው ጊዜ። እሷ ጻፈች፤ እኔም የገለበጥኩትን ሱሪ መመለስ ረስቼ ቆምኩ።

ውጤቱ ሲመጣ አብሬ ገባሁ። ካንሰር ነው፣ የምግብ መውረጃው ቱቦ ላይ። ምን ያህል እንደሄደ ለማወቅ ሌላ ምርመራ ይቀራል። ኮሪደሩ ላይ ክቡርነታቸው ቆሙ።

«ለባለቤቴ እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ቃሉ አይወጣልኝም።»

«አልነግርም» አልኩ። «አብሬዎት እገባለሁ፣ የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።» ጨካኝ የሆንኩ መሰለኝ። ደክሞኝም ነበር።

ባለቤታቸው ልብስ እያጣጠፉ አገኘናቸው። ክቡርነታቸው በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ታምሜያለሁ» አሉ።

እትዬ የያዙትን ሸሚዝ አጥፈው ጨረሱ። «ይህን ለማለት ሰባት ወር ፈጀብህ» አሏቸው።

«ታውቂ ነበር?»

«ጀርባህን ሳሽልህ አጥንትህ እጄን አይነካኝም? አንተ እስክትነግረኝ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ደግሞ እኔም ፈርቼ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አብረኸው ገብተሃል አይደል። ሐኪሟ ምን አለች? ይድናል?»

ሁለቱም አፍ አፌን አዩኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ኧረ እትዬ፣ ምንም አይሆኑም። ለማለት ቀላል፣ ለመስማት ጣፋጭ፤ ፊታቸው ሲፈታ እንኳ ታየኝ። እኚህ ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይህን ዓይን ሲያዩ እንደኖሩ ያኔ ገባኝ። አራት ቀን የረገምኳቸውን ያህል በአንዴ ወደድኳቸው።

«ገና አላውቅም አለች፣ እትዬ» አልኩ። «ማክሰኞ ጠዋት ኑ ብላለች። እኔም እመጣለሁ።»

እትዬ ከወንበሩ ላይ የታጠፈውን ልብስ አነሱና «ተቀመጡ፣ ሁለታችሁም» አሉን። ክቡርነታቸው ተቀመጡ፣ ክንዴን ይዘው አለቀሱ፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።