የዶቅማ ግራና ቀኝ ግድብ

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ከዶቅማ ወንዝ ወዲህ ማዶ ሴቶች እልል አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በዚያ ሰፈር ከሦስት ቀን ወዲህ ጠብታ አልወረደም፤ የመጣው ውሃ የላይ አገር ዝናብ ነው። የዘነበበት ሌላ፣ የጎረፈበት ሌላ።

እልልታው የምን እንደ ነበር ለመናገር ከጥቅምት መጀመር ያስፈልጋል።

ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ቀድሞ አንድ እድር ነበሩ። ድንኳናቸው አንድ፣ ጥሩምባ ነፊያቸው አንድ፣ ቃሬዛቸውም አንድ። አንድ ዓመት ግን በአንድ ቀን ሁለት ሰው ሞተ፤ ከየማዶው አንድ አንድ። ድንኳኑ ወዲህ ተተከለ፤ የወዲያዎቹ ሟቻቸውን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ እድሩ ሁለት ሆነ። ጋብቻውን ግን ማንም ሊከፍለው አልቻለም፤ ወዲያ ማዶ ዘመድ የሌለው የወዲህ ማዶ ቤት አይገኝም ነበር። ካሳነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትም አንዲት ልጇን እንጉዳይን የዳረችው ለወዲያው እድር ዳኛ፣ ለአቶ ደረበ ልጅ ነው።

በጥቅምት ምናሉ የሚባል የኢንሹራንስ ሠራተኛ ከከተማ በሞተር ብስክሌት መጣ። የወዲህ ማዶ እድርተኞች በተሰበሰቡበት ቆሞ፣ ጎርፍ ቤት ቢወስድ ድርጅቱ እንደሚያሠራ ነገራቸው። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ማዶዎች በአንድ ውል መግባት አለባቸው፤ ማንም ለብቻው ግድብ አይቆልልም።

«ለምን?» አሉ የወዲህ ማዶው ዳኛ አያ ውብነህ። «ጎረቤት ቢታመም እኛ ነን መድኃኒት የምንውጠው?»

«አባባ፣ እናንተ አፈር ስትቆልሉ ውሃው የት ይሄዳል?»

«ወደ ወደደው።»

ሰው ሳቀ። ምናሉ አልሳቀም። «የአንዱ ግድብ የሌላው ጎርፍ ነው። አንዳችሁን ብቻ መድን ልንሆን አንችልም። ወይ ሁለታችሁ፣ ወይ ማናችሁም።»

«እኛ እድር አለን፣ ልጄ። የፈረሰ ቤት የሚያቆመው ሰው ነው። ወረቀት ቤት ሲያቆም አላየንም።»

«አንድ ቤት ሲፈርስ ልክ ነዎት» አለ ምናሉ። «ሁሉም በአንድ ቀን ቢፈርስስ?»

«አታሟርትብን!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

የሚስማማ እጁን ያንሣ ተባለ። ካሳነሽ ነገሩ ገብቷት ነበር። ልጇ ያለችው ከወንዙ ወዲያ ነውና ከሁሉ ይልቅ የገባት እሷን ነው። እጇን ከነጠላዋ ሥር ልታወጣ ስትል ከጀርባዋ አንዱ፣ «የደረበ አማች ወዴት ትሆን?» አለ። የሳቁት ብዙ ናቸው። እጇ እዚያው ቀረ። ምናሉ ወረቀቱን ሰብስቦ በእንጨቱ ድልድይ ተሻገረ፤ ወዲያ ማዶም አቶ ደረበ ያንኑ መልስ ሰጡት።

ከመጋቢት ጀምሮ በሁለቱም በኩል በየቅዳሜው ደቦ ተጠራ። የወዲህ ሰው አንድ ክንድ ሲቆልል የወዲያ ሰው አንድ ክንድ ከስንዝር ይቆልላል። አሸዋ የሞላ ጆንያ ተደረደረ፤ በላዩ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ሣር ያለበት ጭቃ። ካሳነሽ «የደረበ አማች» መባሉ እንዲቀርላት የሰው እጥፍ ተሸከመች። የምትረግጠው ግድብ ከፍ ባለ ቁጥር ማዶ ያለው ቤት ዝቅ ሲል ይታያት ነበር፤ ቢሆንም እንቅቧን ሞልታ ትመለሳለች። ማዶ ደግሞ እንጉዳይ ሆዷ ገፍቶ አፈር ትሸከማለች።

«ኧረ ተቀመጪ! ነፍሰ ጡር አይደለሽ እንዴ?» ትላታለች እናት በውሃው ላይ እየጮኸች።

«ቁጭ ብል ምን ይሉኛል? አንቺስ ብትሆኚ?»

እናትም ጎንበስ ብላ አፈሯን ትዝቃለች።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። በሰኔ እንጉዳይ «መጥተሽ ውሰጂኝ» ብላ ላከች። ካሳነሽ አልጋ አዘጋጀች፤ ጭድ ለወጠች፣ አዲስ ቁርበት አነጠፈች። ከዚያ ወደ አያ ውብነህ ሄዳ ነገረች።

«አምጫት፤ ማን ከለከለሽ?» አሉ። «ብቻ የደረበን የልጅ ልጅ በእኛ ግድብ ላይ ስታሳልፊ ሰው ይየው።»

ከልካይ የለም፤ ግን ማምጣት አልቻለችም። «ክረምቱ ይለፍ» ብላ ላከችባት። እንጉዳይ በሐምሌ ወር በአማቷ ቤት ወንድ ልጅ ወለደች። እናት ተሻግራ ገንፎ አገንፍታ፣ ሦስት ቀን አርሳት ለቅዳሜው ደቦ ተመለሰች።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን ውሃው መጀመሪያ የወሰደው የእንጨቱን ድልድይ ነው። ከዚያ በኋላ ከማዶ ማዶ መሄጃ አልነበረም። ወንዶቹ አካፋ ይዘው በየግድባቸው ላይ ቆሙ፤ ፊት ለፊት፣ መልክ ለመልክ። ውሃውን የሚያይ አልነበረም፤ የዚህኛው ዐይን በዚያኛው ግድብ ላይ፣ የዚያኛውም በዚህኛው ላይ ነበር። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ የወዲያው ግድብ እንደ ራሰ ጨው ሟሸሸ። ወዲህ ማዶ ውሃው በአንድ ጊዜ ስንዝር ጎደለ። ያን ጊዜ ነው ሴቶቹ እልል ያሉት። ካሳነሽ መካከላቸው ነበረች። አፏ ተከፍቶ እንደ ነበር ታስታውሳለች፤ የወጣው እልልታ ይሁን ኡኡታ ግን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ግድቡ ከሚያልቅበት ከላይኛው ጫፍ ውሃው ዞሮ በጀርባ መጣ። በየቤቱ መካከል አልፎ ወደ ወንዙ ሊመለስ ሲል የገዛ ግድባቸው አላሳልፍም አለው። ከውጭ የመጣውን ሊያስቀር የተሠራው የገባውን ያዘ። አያ ውብነህ፣ «ቆፍሩት! አፍርሱት!» እያሉ ጮኹ፤ ወንዶቹም ስድስት ወር የቆለሉትን በዚያው አካፋ መናድ ጀመሩ። በር እስኪከፍቱለት ድረስ ከስልሳው ቤት አርባ አንዱ ተኝቷል። ካሳነሽ ቤቷ ጉብታ ላይ ነበርና ውሃው ከደጃፉ ተመለሰ። በሰኔ ያዘጋጀችው አልጋ እግሩ እንኳ አልራሰም።

በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ ጎድሎ መሻገሪያ ሲሰጥ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አቶ ደረበ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ብቻቸውን መጡ። ካሳነሽ ከሩቅ አየቻቸው። መርዶ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገር፤ በቀትር ብቻውን የሚመጣ መርዶ ነጋሪ የለም። ስለዚህ ደስ አላት። ተነሥታ በርጩማ አቀረበች።

«ብቻዎን ነዎት አይደል?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«እሰይ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «የሚከተለኝ አጥቼ ነው፣ ካሳነሽ። ሁሉም የየራሱን እየቀበረ ነው።»

በርጩማውን እንደያዘች ቆመች። «እንጉዳይንም ልጁንም?»

«ሁለቱንም።»

የሁለቱም እድር ድንኳን ውሃ ወስዶት ነበር። ለቅሶ የሚደርስም አልተገኘም፤ ሰው ሁሉ ሐዘንተኛ ነበር። እሷና እሳቸው ብቻ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሲደክማቸው አቶ ደረበ ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣

«እልልታችሁን ሰማን» አሉ።

ካሳነሽ አንገቷን ደፋች።

«አትፈሪ፤ ልወቅስሽ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «እኛም ለእናንተ አዘጋጅተን ነበር። ቀደማችሁን።»

በኅዳር ምናሉ ተመልሶ መጣ። ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ከፈረሰው ቤት ብዛት የተነሣ ሰው የት እንደሚሰበሰብ ጠየቀ። ያንኑ ውል ይዞ ነበር። ወዲህ ማዶ «እነሱ አስቀድመው ይፈርሙ» ተባለ፤ ወዲያ ማዶም «እነሱ አስቀድመው ይፈርሙ» ተባለ። ካሳነሽ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አነሣች። ማንም አልሳቀባትም፤ ማንም አልተከተላትም።

በሚቀጥለው ክረምት ዶቅማ ከላይ በኩል መውረጃውን ለቀቀና ከሁለቱም ማዶ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ መፍሰስ ጀመረ፤ ወደ ድሮው ቦታ አልተመለሰም። ሁለቱ ግድቦች በደረቁ የወንዝ ቦይ ግራና ቀኝ ተጠግነው ቆመዋል፤ በየዓመቱ ከመጋቢት ጀምሮ በየቅዳሜው በሁለቱም ላይ አፈር ይጨመራል።