የአንድ ዲስክ ፍትሐዊ ክፍፍል

መሥሪያ ቤቱ ብዙ ታላላቅ ውሳኔዎችን አሳልፏል፤ ከሁሉ የላቀው ግን ሰነዶቹን ከአለመደራጀት ነፃ ያወጣበት ውሳኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠራተኛው ፋይል፣ ደብዳቤውና ውሉ ሁሉ መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠች መዳፍ የምታህል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። ዲስኳ ዘጠኝ ዓመት ያለ እንከን ሠርታለች። ሥራ አስኪያጁ ግን እንከን የሌለው ነገር እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነበርና አንድ ቀን ከፍቶ አያት። የእሱ ፋይል ከዘበኛው ፋይል ጎን ተኝቷል! ወዲያው ዲስኳ በመዋቅሩ መሠረት ለሰባቱ መምሪያዎች ሰባት ቦታ እንድትከፈል አዘዘ። ሰፊው ክፋይ የማን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም።

የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ ይህን ስትሰማ ክው አለች። የልብስ ሰፊ ደረሰኝ እንኳ ሳትገለብጥ ከእጇ ስለማታወጣ «እትዬ ቅጂ» ይሏታል። ጡረታ ልትወጣ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷታል፤ ልጇ ክፍል አዘጋጅታ እየጠበቀቻት ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቷ ማስረጃ ያለው ደግሞ እዚያችው ዲስክ ውስጥ ነው።

«መጀመሪያ ሌላ ዲስክ ላይ ይገልበጥ» አለች ስብሰባው ላይ። «ከዚያ ሰባትም አድርጉት፣ ሰባም አድርጉት።»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አወለቀ። «አንድን ሥራ ሁለቴ መሥራት ብክነት ነው። ደግሞስ በዋናው ላይ እምነት ማጣት አይሆንም?»

የኮምፒውተር ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ያለውን ሳንነካ ከባዶው ቦታ ብቻ ቆርሰን አዲስ ክፋይ ማውጣት ይቻላል።»

«ያለውስ ቦታውን የያዘው በየትኛው ደብዳቤ ነው?»

ባለሙያው ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና ሐሳቡን ማንሳቱን አስመዘገበ። መገልበጥ ክልክል መሆኑ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እትዬ ቅጂ ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ በር ዘግታ በላች። ሥራ አስኪያጁም ትጋቷን በአርአያነት ጠቀሰላት።

በክፍፍሉ ዕለት ዐሥር የኮሚቴ አባላት ወንበር ይዘው ኮምፒውተሩን ከበቡ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ፍትሐዊ የቦታ አጠቃቀም አርባ ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ ባለሙያው ማውሱን ሲጫን ኮምፒውተሩ ጥያቄ አወጣ።

«ጌታዬ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ይስማማሉ ወይ ነው የሚለው።»

«ስምምነት ነው የጠየቀን። ስምምነት በድምፅ ነው የሚገኘው። የምትስማሙ?»

ዘጠኝ እጅ ወጣ። ባለሙያው ማውሱን ስለያዘ እጅ ማውጣት አልቻለምና በድምፀ ተዓቅቦ ተመዘገበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰባት ክፋዮች ታዩ፤ ጥርት ያሉ፣ አንድም ፋይል ያላቆሸሻቸው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እትዬ ቅጂ የጡረታ ስንብት ደብዳቤዋን ይዛ ገባች።

«ፋይልዎ የለም» አላት ሥራ አስኪያጁ በሐዘኔታ። «ፋይል የሌለው ሰው ደግሞ በደንቡ አዲስ ተቀጣሪ ነው። የስድስት ወር ሙከራ አለብዎት። እንኳን ደስ አለዎት!»

«ሠላሳ አንድ ዓመቴስ?»

«ማስረጃ!»

ደሟ ፈላ። ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ዲስክ አወጣች። «ሁሉም እዚህ አለ። የራሴን ዛሬ ጠዋት አትሜ ጡረታ ቢሮ አስገብቻለሁ፤ ተቀብለውኛል። እርስዎ ጋ የመጣሁት ለመሰናበት ነበር።»

«ገለበጡ? በቃለ ጉባኤ ተከልክሎ?»

«አዎ፣ ጥፋት ነው። ቅጡኝ። ቅጣቱን የሚፈርመው ሰው ግን የሹመት ደብዳቤውን ያሳየኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ስቆ ሰፊውን ክፋይ ከፈተ፤ ባዶ ነው። ሳቁ እዚያው ቀረ። ዝግ ብሎ ወደ ትንሿ ዲስክ ተመለከተ። «እትዬ... የኔም እዚያ ውስጥ ይኖር ይሆን?»

«አለ፣ ከዘበኛው ጎን። ግን ቅጂ ክልክል ነው፤ ቃለ ጉባኤው ይሻር።»

«አሁኑኑ እሽረዋለሁ!»

«በየትኛው ሥልጣን?»

ባለሙያውን አስጠርታ ትንሿን ዲስክ በፊርማ አስረከበችው፤ ርክክቡ በሁለት ቅጂ ተሠራ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«ስድስት ወር ብዙ አይደለም፣ ጌታዬ። እንኳን ደስ አለዎት።»