ሰዓት ሠሪውና የእትዬ አልብሷት ዥንጉርጉር ተክል

በየሰፈሩ አንድ ተክል አዳይ ጎረቤት አይጠፋም። ባዶ አፈር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ «አልፈልግም» ማለትን እንደ ስድብ የሚቆጥር ዓይነት ሰው። በዚህ ሰፈር ሹመቱ የክብርት እትዬ አልብሷት ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። የተራቆተ መሬት ባዩ ቁጥር «ኧረ አልብሷት! ራቁቷን አታስቀሯት!» ስለሚሉ፣ እናት ያወጣችላቸውን ስም ሰው ረስቶታል።

ማልበሻቸው ደግሞ አንዲት ተክል ብቻ ናት፦ ቅጠሏ እንደ ሣር የቀጠነ፣ መሃሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ቢጫ፣ ሐምራዊ አበባ የምታወጣ ዥንጉርጉር። እጅብ ያለችውን ከነሥሯ ነቅለው በወጥ ቤት ቢላ ይከፍሏትና በፌስታል ይዘው በር ያንኳኳሉ። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ አንዴ በጓሮ በር ሊሾልክ ቢል፣ እትዬ አልብሷት ቀድመው እዚያው ቆመው ነበር።

ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት የሆነው ጡረተኛ ሰዓት ሠሪም ተራው ደረሰ። እትዬ አልብሷት ፀሐይ በማይደርስበት የቤቱ ግድግዳ ሥር ተንበርክከው ስንዝር ስንዝር እያራራቁ ተከሉለት። «ቅጠሏ የሚወጣበትን አንገቷን አይቅበሩ፤ ውሃም አያብዙ። አደራ!»

ከዚያ በየቅዳሜው እንደ ሐኪም ብቅ ይሉ ጀመር። ቅጠል ይገልጣሉ፣ አፈሩን በጣታቸው ይወጋሉ፣ እሱንም ይገላምጡታል። ሰዓት ሠሪው መጀመሪያ «እኚህ ሴትዮ ሥራ የላቸውም እንዴ?» ብሎ አጉረመረመ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ጺሙን ተላጭቶ ጠበቃቸው። በአምስተኛው ለሳቸውም ወንበር አወጣ።

ክፋቱ፣ ተክሏ ተመቻት። ከርማ መሬቱን ስትሞላው እትዬ አልብሷት ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ። «በቃ፣ ጤነኛ ናት፤ ከእንግዲህ እኔን አትፈልግም» ብለው ወደ ጸጉር አስተካካዩ ባዶ ደጅ ተሻገሩ።

አንድ ቅዳሜ አለፈ። ሁለተኛውም። ቤቱ ጭር አለበት። ከሬዲዮው በቀር «እንደምን ዋላችሁ» የሚለው አልነበረም፤ እሱም ለብዙ ሰው ነው የሚለው።

ሰዓት ሠሪው ከአርባ ዓመት ሥራው የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰዓቱ በደንብ የሚሠራለት ሰው ተመልሶ እንደማይመጣ ነው። ስለዚህ ባልዲ አነሣ። ጠዋት አንድ ባልዲ፣ ማታ አንድ ባልዲ። አፈሩንም አንገቷ እስኪቀበር ከመረባት። «ይቅር በይኝ» ይላት ነበር እያጠጣ። ቅጠሏ ሲወይብ፣ ጸጸትና ደስታ እየተቀላቀሉበት እትዬ አልብሷት ቤት ሄደ።

«ታማብኛለች» አለ።

ሮጠው መጡ። አንዷን ቢመዝዙ ሥሯ በስብሷል። ጭቃውን አዩ፣ የተከመረውን አፈር አዩ፣ ባልዲውን አዩ፣ በመጨረሻ እሱን አዩት። ዕድሜ ልካቸውን በሽተኛ ያስተናገዱ ሴት ናቸው፤ ማን እንደታመመ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ሰዓት ሠሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«ቅዳሜ ብቻ አይበቃትም» አሉ ፊታቸውን አኮሳትረው። «በየቀኑ መታየት አለባት።»

«በየቀኑ?»

«ታዲያስ! እኔስ እቤት ብውል ማን አለኝ?» ድምፃቸው ለሰለሰ። «ደህና የሆነ ቤት ደግሞ ምን ብዬ ልምጣ?»

ሰዓት ሠሪው ወንበሩን ሊያመጣ ገባ። ሲመለስ እትዬ አልብሷት ባልዲውን በክንዳቸው አንጠልጥለዋል።

«ይኼ ግን እኔ ጋ ያድራል» አሉ።